ስፌቱ ይታይ

በእኛ ሙያ ሰውን ለማዋረድ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። የጻፈውን ኮድ ከፍቶ፣ ለአፍታ ዝም ብሎ፣ «ይሄማ ድሪቶ ነው» ማለት ይበቃል። ክፍሉ ይስቃል፤ ባለኮዱም አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል። ቃሉ ከኮምፒውተር ውጭም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የተንዛዛ ንግግር ድሪቶ ነው። ከዚህም ከዚያም ተቃርሞ የተሰበሰበ የመመረቂያ ጽሑፍ ድሪቶ ነው። አምስት ጊዜ የተሻሻለ መመሪያ፣ ካልወደድነው፣ ድሪቶ ነው። ሁላችንም እንሰድብበታለን፤ ስንቶቻችን ግን ለብሰነው አድረናል?

ድሪቶ ከስድቡ በፊት ዕቃ ነው። ካረጀ ልብስ የወጣ ብጣሽ ተገጣጥሞ ፊቱ ይሠራል፣ መሐሉ ገበር ይገባበታል፣ ጀርባው አሮጌ አንሶላ ይሆናል፤ ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ በመርፌ መጥቀም ነው። (መጥቀም በአማርኛ መስፋትም ነው፣ መርባትም ነው። ቋንቋው ከእኛ የተሻለ ያስታውሳል።) ሌሊት ይለበሳል፣ ቀን ይነጠፋል፣ ሕፃን ይጠቀለልበታል። እኔ ያደግሁት መቱ ነው። ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጋችሁ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ፣ ጎሬ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ናት። አካባቢው በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ «ዛሬ ማታ ምን ለብሰን እናድራለን?» የሚለው ጥያቄ ከፋሽን ጋር ዝምድና የለውም።

እና ክርክሬ ይሄ ነው፦ ድሪቶን የምናፍርበት ድህነትን ስለሚያስታውሰን ነው ይባላል፤ አሮጌ ስለሆነ ነው ይባላል። ሁለቱንም አላምንም። የምናፍረው ስፌቱ ስለሚታይ ነው።

ማስረጃዬ ቦንዳ ነው። ያገለገለ የውጭ ልብስ በአገራችን ቢያንስ ሦስት ስም አለው፤ ስሙን ሰምታችሁ የተናጋሪውን ዕድሜና ሥራ መገመት ትችላላችሁ። ወላጆቻችን «ሳልባጅ» ይሉታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጉምሩክ «ልባሽ ጨርቅ» ይለዋል፤ በኮንትሮባንድ ዜናው ውስጥ ከሲጋራ፣ ከአደንዛዥ ዕፅና ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። የእኛ ትውልድ ደግሞ «ቦንዳ» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ካሜራ ፊት። «ይሄን ጃኬት በስንት እንዳገኘሁት ገምቱ!» ቦንዳ ሲፈታ ማየት ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆኗል። እሰየው። ይህን ስጽፍ የለበስኩት ሸሚዝ ራሱ ከቦንዳ የወጣ ነው፤ አንገትጌው ውስጥ የሆነ የማላውቀው ሰው ስሙን በማይለቅ ቀለም ጽፎበታል።

ግን የምንኮራበትን ነገር ልብ በሉ። ሊቫይስ ነው፣ ዛራ ነው፣ ምልክቱ አልተነቀለም፣ ክርኑ አልሳሳም። በአፋችን «አሮጌ ነው» እያልን በእጃችን አዲስ አለመሆኑ እንደማያስታውቅ እናሳያለን። ብብቱ የተተረተረው፣ ጉልበቱ የሳሳው፣ ቡና የፈሰሰበት ሸሚዝ የት አለ? እሱም እዚያው ቦንዳ ውስጥ ነበር። ከስር ቀርቷል፤ ማንም አይቀርጸውም።

እንደዚህ ያለው ጨርቅ መድረሻ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ጋናዎች አይተዋል። አክራ ውስጥ ካንታማንቶ የሚባል ገበያ አለ፤ ከዓለም ትልልቅ የልባሽ ገበያዎች አንዱ ነው። እዚያ ለቦንዳው ያወጡለት ስም ሲተረጎም «የሞተ ነጭ ሰው ልብስ» ማለት ነው፤ ሰው ካልሞተ በቀር ይህን ሁሉ አይጥልም ብለው። ሳይሞት ጥሎታል። ያልተሸጠው በጎርፍ ተጠርጎ ባሕር ይገባል፣ እንደ ገመድ ተጠላልፎ ዳርቻው ላይ ተመልሶ ይወጣል። አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ እንደ ጥጥ አይበሰብስም። መቱ ባሕር የላትም። ሶር ወንዝ ግን አላት።

ከቦንዳ ስር ለሚቀር ጨርቅ የተሠራ ቴክኖሎጂ አለን እኮ! ባለፈው ክረምት ሥራዬን ከቤት መሥራት ስለምችል መቱ አክስቴ ጋ ሰነበትኩና አንድ ድሪቶ አብረን ሠራን። «ሠራን» ስል እሷ ሰፋች፣ እኔ ተረተርኩ ማለቴ ነው። መተርተሩ ከመስፋቱ ይበልጣል። ዚፑ ይወጣል፣ ላስቲኩ ይነቀላል፣ ቁልፉ ተለቅሞ የወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። የድሮው ስፌት ያለፈበት መስመር በመርፌ ቀዳዳ ስለሚደክም በዚያ ላይ ደግሞ መስፋት የለም።

አክስቴ ጨርቅ የምትመርጠው በጣቷ ነው። ቀለሙን መጨረሻ ላይ ነው የምታየው፣ ያውም ካየችው። መጀመሪያ ትጎትተዋለች፤ የሚለጠጠው ለብቻ፣ የማይለጠጠው ለብቻ ይቀመጣል፤ ቲሸርትን ከሸሚዝ ጋር የሰፋ ሰው ፊቱ ላይ ከረጢት ይወጣበታል። ቀጥሎ ጥጡን ከፖሊስተሩ ትለያለች። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተር አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ጥጡ ሁሉ ከመሰፋቱ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ያጠራጠራት ጨርቅ ካለ አንድ ክር ትመዝና ክብሪት ታስነካዋለች። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ሙጫ ይቋጠራል። አምስት ዓመት ምህንድስና ስማር ይሄን ፈተና ያሳየኝ ሰው የለም።

የጂንሱን ነገር ለብቻው ላንሳው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ሙሉ በሙሉ ከጂንስ የተሰፋ ድሪቶ ያምራል፤ ለደረቅ አገር ይሆናል። ኢሉባቦር ላይ ግን ጂንስ ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም። ሐምሌ ላይ ካጠባችሁት ሳይደርቅ ይሸታል፤ እርጥቡን ለማንሳት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጂንስ የሚገባው ዳር ዳሩንና በእግር በኩል ብቻ ነው፣ ቶሎ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ። ትከሻ ጋ የሚያርፈው ቶሎ የሚደርቅ ስስ ጥጥ ነው። ገበሩ ያለቀለት ሹራብ ነው፤ ነገር ግን በየስንዝሩ ካልተጠቀመ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጥግ ይዞ ይኮለኮላል፣ መሐሉ ባዶ ይቀራል። በየስንዝሩ ሲጠቀም የሚታየው የስፌት መስመር ያ የምናፍርበት መስመር ነው። እሱ ባይኖር ድሪቶው ከረጢት ነው።

ይሄ ንድፍ ነው፣ ጓዶች። የአየሩ ጠባይ ታስቦበታል፣ የቁሱ ጠባይ ታስቦበታል፣ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚያልቅ ታስቦበታል። ከበደሌ እስከ ጎሬ በየከተማው በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው ቦንዳ የሚያጠቡና የሚያሳጥሩ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ ድሪቶ ስፉልን ስትሏቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል። መርፌ ይሰብራል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ሦስት ድርብ ጂንስ መርፌ ይሰብራል። ፊት የሚያጠቁረው ግን መርፌው አይመስለኝም።

አክስቴስ ብትሆን? እንግዳ ሲመጣ ድሪቶውን ትሸሽገዋለች። አልጋው ላይ የሚታየው ትልቅ ጽጌረዳ የታተመበት ከቻይና የመጣ ብርድ ልብስ ነው። ጽጌረዳው ክረምት ሳይደግም ፀጉሩ ይረግፋል። ሌሊት የሚያሞቀው ከስሩ ያለው ነው። «ለምን ከላይ አታደርጊውም?» ስላት፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ክርክሩ በዚህ አለቀ፤ ከአክስት ጋር ከዚህ በላይ አይኬድም።

ከእናንተ ጋር ግን እቀጥላለሁ፣ ምክንያቱም ይቺን ሸሻጊ አልጋ በየቢሮው ስለማያት ነው። ኮምፒውተር ላይ «ፓች» የምንለው ቃል መጣፊያ ማለት እንጂ ሌላ አይደለም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ሃርቫርድ ማርክ 1 ያሉ ማሽኖች ፕሮግራማቸውን የሚያነቡት ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር። ስህተት ሲገኝ ጥቅሉ አይጣልም፤ ያለቦታው የተበሳው ቀዳዳ ላይ ብጣሽ ወረቀት ይለጠፍበታል። በ1985 ላሪ ዎል የሚባል ፕሮግራመር የተለወጠውን ብቻ ወስዶ አሮጌው ፋይል ላይ የሚሰፋ ፕሮግራም ጻፈና ስሙን «ፓች» አለው። ሊኑክስ ከ1991 ጀምሮ እንደዚህ ነው ያደገው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ የላኩት ብጣሽ እየተሰፋበት። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊኑክስ ይዟል። ይሄን ጽሑፍ ድሪቶ ላይ እያነበባችሁት ነው።

አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) ዓመታት ያስቆጠረ የደሞዝ ሲስተም ነበር። አስቀያሚ ነበር፣ አልዋሽም። ድሪቶ ነው፣ ይጣልና እንደ አዲስ ይጻፍ ተባለ። ተጻፈ፤ ያምር ነበር፤ አለቆች አጨበጨቡለት። ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ አዲሱ ሲስተም ለመላው ሠራተኛ የአሥራ ሦስተኛ ወር ደሞዝ አዘጋጅቶ ጠበቀን። ሠራተኛው ቅር አላለውም፤ ሒሳብ ክፍል ግን አልሳቀም። ለካ አሮጌው ውስጥ ማንም ትርጉሙን ያላወቀው አንድ የምታስጠላ መስመር ነበረች፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜ ላይ ተቃጥሎ የሰፋት መጣፊያ። ሲስተሙ ሲጣል እሷም አብራ ተጣለች።

መጣፊያ የሚነግራችሁ ይሄን ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ ቀዳዳ ነበረ፣ ሰው አይቶታል፣ ደፍኖታል። ስፌቱን ስትደብቁ ያየውን ሰውም አብራችሁ ትደብቃላችሁ።

ይህን የሚያውቁ ሴቶች በሌላም አገር አሉ። አላባማ፣ አሜሪካ፣ ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር ውስጥ የባሪያ ልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የእርሻ ሥራ ልብስ ድሪቶ ይሰፉ ነበር፤ ቤቱ ንፋስ ስለሚያስገባ። በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ተርትራ ድሪቶ ሰፋችው። የተለበሰበት ምልክት ዛሬም ይታይበታል። በ2002 የጊስ ቤንድ ድሪቶዎች ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣላቸው። ይሄን የማነሳው «ነጮች ካደነቁት እናድንቀው» ለማለት አይደለም፤ እሱ በሽታ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። ሚዙሪ ፔትዌይ ስትሰፋ ሙዚየም በሐሳቧ አልነበረም። ባሏ የላበበት ጨርቅ በእጇ ነበር። በእኛ አገር ብዙ ቤት የሟች ልብስ ለችግረኛ ይሰጣል፤ ደግ ነው። ግን ከአንዱ እጀታ አንድ ስንዝር አስቀርቶ ልጆቹ በሚለብሱት ላይ መስፋትም አለ። አክስቴ ድሪቶ ላይ፣ በራስጌ በኩል፣ የአጎቴ የካኪ ኪስ አለ። ኪሱ አሁንም ይከፈታል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ኮንትሮባንድ እያሞገስክ ነው» ይለኛል። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ክልከላው ምክንያት አለው፤ የኮምቦልቻ ወይም የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ በነጻ ከተሰጠ ልብስ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ሩዋንዳ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በልባሽ ላይ ቀረጥ ከፍ ስታደርግ አሜሪካ በ2018 የአጎዋን የልብስ ዕድል አገደችባት፤ ስለዚህ ይሄ የድንበር ጠባቂ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። እኛ ራሳችን በሌላ ምክንያት በጥር 2022 ከአጎዋ ወጣን። ከዚያ በፊት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሴቶቻችን የሰፉት ልብስ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ለሆነው ለፒቪኤች ጭምር ነበር፤ በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት መነሻ ደሞዛቸውን በወር 26 ዶላር ብሎታል። ከእነዚያ ሸሚዞች አንዱ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ጥቂት ጊዜ ተለብሶ፣ ተጥሎ፣ በቦንዳ ታስሮ በሞያሌ ወይም በቶጎ ውጫሌ ቢመለስ ስሙ ልባሽ ጨርቅ ነው፤ ይወረሳል። የሰፋችው እጅ ከድንበሩ ወዲህ ናት። ሕጉን የሚያወጡት ይከራከሩበት። እኔ የማወራው ድንበሩን ስላለፈው፣ ገላችንንም ስላለፈው ጨርቅ ነው። ያን ወደ የትም መመለስ አይቻልም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውንም እሰማለሁ። የሰው ጨርቅ ኢሉባቦርን ሲያለብስ ግን ዛሬ አልጀመረም። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንድትሆን ከተፈቀደ በኋላ በየክረምቱ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከሱዳን ይመጣ ነበር። ከጎሬ ደጋ ቡና ይወርዳል፤ ከወንዙ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣል። ወርቁ አላደመቀንም ይሆናል፤ ጨርቁ ግን ሲያሞቀን መቶ ዓመት አልፎታል።

ሁለተኛው ተቆጪ ይብሳል፣ ምክንያቱም የእኔ ጓደኛ ነው። «አንተ የምትለውን እኮ እየሠሩት ነው» ብሎ አንድ ሱቅ ወሰደኝ፤ አዲስ አበባ ነው፣ ስሙን አልጠራም። መስታወት ውስጥ የተደረተ ጃኬት ተሰቅሏል። ዋጋው አክስቴ በሁለት ወር የማታወጣው ገንዘብ ነው። አፕሳይክል ነው፣ ሰስቴነብል ነው፣ ምንትስ ነው፤ ድሪቶ የሚል ቃል ግን የሱቁ አንድ ጥግ ላይ አታገኙም። ጠጋ ብዬ በጣቴ ጎተትኩት፣ እንደተማርኩት። ብጣሹ ሁሉ አዲስ ነበር። አንድም ቦታ አልሳሳም፣ አንድም ቦታ ሰው አልነበረበትም። ከጣቃ ተቆርጦ ያረጀ እንዲመስል የተሰፋ ነው። ቦንዳ ላይ አዲስ የሚመስል አሮጌ እንፈልጋለን፤ እዚህ ደግሞ አሮጌ የሚመስል አዲስ እንገዛለን። አሮጌ ሆኖ አሮጌ የሚመስለው ብቻ ነው ከፍራሽ ስር የሚገባው፤ ለባሹም አብሮ።

ልጆቹ ሠርተው መሸጣቸውን አልጠላሁም። ግን ዕውቀቱን ከእነማን እንደወሰዱት ስሙን ይጥሩ፤ ከአማርኛ ስሙ ጋር ይስቀሉት። ቡና ሲለቀም ከያዮና ከሁሩሙ ደን ዳር የሚያድሩት ሰዎች የለበሱትን ልብስ ስም መጥራት ካፈሩ ጃኬቱንም ያውርዱት።

የአክስቴ ድሪቶ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ፦ አልጋ ላይ ሲያበቃ ማሳ ይወርዳል። በቆሎ ሲደርስ ማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮና ከርከሮ ለሚጠብቀው ሰው ይሰጣል። ከዚያ ሲመለስ ይተረተራል፤ ጥጡ ለምጣድ ማሰሻ ይሄዳል (ጥጡ ብቻ፤ ፖሊስተር ምጣድ ላይ ይቀልጣል)፣ ያልሳሳው ብጣሽ ደግሞ ለሚቀጥለው ድሪቶ ይቀመጣል።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ በጂንስ አትጀምሩ። የሸሚዝ ጀርባ ፈልጉ፤ ሰፊ ነው፣ ክርንና አንገትጌ ሲያልቁ እሱ ደህና ይሆናል። ክራችሁ ከጨርቁ የበረታ አይሁን፤ ጠንካራ ክር ያረጀ ጨርቅ ይቀድዳል፣ ደካማው ክር ግን ቢበጠስ መልሶ መስፋት ነው። ቁልፎቹን አትጣሉ። መቱ የምትሄዱ ከሆነ ለአክስቴ አድርሱልኝ፤ ጣሳዋ ገና አልሞላም።